ቀዳዳውን ሳታነቡ አትለጥፉ፦ ጎንደር ዙሪያ የሞተር ጎማ መንገድ ላይ ሲተነፍስ

ከአይከል ወደ መተማ ሲወረድ የሚገባ የግራር እሾህ፣ ከተማ ውስጥ ግንባታ ባለበት ሰፈር የሚገባ ምስማር፣ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ጉድጓድ መትቶ የሚቆረጥ ከመነዳሪ (ጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ላስቲክ)፤ ሦስቱም «ጎማ ተነፈሰ» ይባላሉ። ቀዳዳቸው ግን አይመሳሰልም። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ጎሚስታ ጋ የሚመላለስ ሞተረኛ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሉ አልጠመመበትም፤ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ምን እንዳመጣው ሳያይ ስላስለጠፈ ነው። እሾሁ ጎማው ውስጥ ቀርቷል፣ ወይም የራጂ (የቸርኬው ቀጭን ሽቦ) ጫፍ ከቸርኬው (ጎማው ከሚገጠምበት ክብ ብረት) አልፎ ወጥቷል፣ ወይም አየሩ ሁልጊዜ ከሚገባው በታች ነው። ማስቲሽና ልጥፍ ይህን አያድኑም።

የምንጽፈው በዋናነት ከመነዳሪ ስላላቸው ሞተሮች ነው፦ ቦክሰር፣ ቲቪኤስ፣ ገጠር ለገጠር የሚሠራባቸው ያማሃ ዲቲ እና ኤጂ፣ ሆንዳ ኤክስኤል። ስለ ቱብለስ (ከመነዳሪ የሌለው ጎማ) ወደ መጨረሻው ትንሽ እንላለን።

ሲተነፍስ እጅ ምን ያድርግ

የኋላው ሲተነፍስ የሞተሩ ጭራ ወዲህ ወዲያ ይዋልላል፤ መሪው ግን እንደ ወትሮው ነው። የፊቱ ሲተነፍስ መሪው ይከብዳል፣ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ኩርባ ላይ እንቢ ይላል። የባሰው የፊቱ ነው። በሁለቱም ጊዜ ጋዙን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ሞተሩ በማርሹ ራሱ እንዲዘገይ መተው ነው። ፍሬን ካስፈለገ አየር ያለውን ጎማ ፍሬን ብቻ ያዙ። የተነፈሰው ላይ ፍሬን ስትይዙ ቸርኬው ጎማው ውስጥ ይንሸራተታል፤ ጎማው ከመነዳሪውን ይዞት ይዞራል፤ ቫልቩ ግን የቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ስለተያዘ ከሥሩ ይገነጠላል። ከሥሩ የተገነጠለ ቫልቭ አይለጠፍም፣ ከመነዳሪው ይጣላል። «እዚያ ጥላ ድረስ» ተብሎ የሚነዳው 200 ሜትር በአንድ ልጥፍ የሚያልቀውን ሥራ አዲስ ከመነዳሪ ያስገዛል። ከዚያ ሞተሩን መግፋት ይሻላል፤ ስትገፉም በላዩ ላይ አትቀመጡ፣ ዕቃም አውርዱለት።

ኩርባ ላይ አትቁሙ። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ስትወርዱ፣ ወይም ኮሶዬ አካባቢ ባሉት ጠመዝማዛዎች፣ ከባድ መኪና የመንገዱን ግማሽ ሳይሆን ሙሉውን ይዞ ነው የሚዞረው። ቀጥ ያለ ቦታ እስክታገኙ ግፉ። በአገሩ ልማድ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ከኋላም ከፊትም ከ40 እስከ 50 እርምጃ ላይ ማድረግ ይበቃል። ድንጋይ ከደረደራችሁ ግን ስትነሡ አንሡት። ሌሊት አስፋልት ላይ የቀረ ድንጋይ ሰው ይጎዳል፤ ይህን ቸል ማለት ይቅርታ የለውም።

ከወንበር ሥር የሚቀመጠው

የፔርኖው (ጎማው የሚዞርበት መሐለኛ ብረት) ዳዶ ቁልፍ ዋናው ነው። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች 17 ወይም 19 ነው፤ ግን የራሳችሁን ቤት ላይ ሞክሩት፣ መንገድ ላይ አትገምቱ። የፍሬን ዘንጉንና የፍሬን ታምቡሩን ደጋፊ ብረት ለመፍታት 12 ወይም 14 ቁልፍና አንድ ፒንሳ ያስፈልጋሉ። የጎማ መፈልቀቂያ ብረት ሁለት ይበቃል፣ ሦስት ቢሆን ይመረጣል፤ ርዝመቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ጫፉ ክብና ልስልስ። የጎሚስታው ትልቅ ብረት የጭነት መኪና ጎማ ለማውጣት የተሠራ ነው፤ ቸርኬን ይጎዳል፣ ከመነዳሪንም ይነክሳል። ካቻቢቴ በፍጹም አይተካውም። ካቻቢቴ የተጠቀመ ሰው አንድ ቀዳዳ ለጥፎ ሁለት አዲስ ይዞ ይነሣል።

ከዚያ፦ ትንሽ የእጅ መንፊያ፣ የአየር መለኪያ፣ አራት አምስት ልጥፍ፣ ማስቲሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የቫልቭ ውስጠኛው መፍቻና አንድ ሁለት ትርፍ የቫልቭ ውስጠኛ። ማስቲሽ አንዴ ከተከፈተ ክዳኑ ቢጠብቅም ይደርቃል፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ከመያዝ ሁለት ያልተከፈቱ ትንንሽ ቱቦዎች ይሻላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ትርፍ ከመነዳሪ ያዙ። መንገድ ላይ ቀይሮ ቤት ደርሶ መለጠፍ ንፋስና አቧራ ላይ ከመለጠፍ እጅግ ይሻላል። የቦክሰር የፊትና የኋላ ጎማ ሁለቱም 17 ስለሆኑ (2.75 ከፊት፣ 3.00 ከኋላ) አንድ ከመነዳሪ ለሁለቱም ያገለግላል። ዲቲና ኤክስኤል ከፊት 21፣ ከኋላ 18 ናቸው፤ አንድ ብቻ ለመያዝ ቦታ ካለ የ21ዱን ያዙ፤ በችግር ጊዜ እጥፋቱን አስተካክሎ 18ቱ ውስጥ ገብቶ እስከ ከተማ ያደርሳል። የ18ቱ ግን ወደ 21 ሲለጠጥ ይሳሳል። ከመነዳሪውን ምስማርና ቁልፍ መሐል አትወርውሩት። ፓውደር ነስንሳችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ እየተፋተገ ሳይሠራበት የሚበሳ ትርፍ ከመነዳሪ ብዙ ነው።

ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ረጅም ማሰሪያም አይጥፋ። ጥቅሙ ወዲያው ይመጣል።

ጎማ ሳይፈታ የሚታየው

መጀመሪያ ቫልቩን እዩ። ክዳኑን አውጥታችሁ ጣታችሁን በምራቅ አርጥባችሁ አፉ ላይ አድርጉ። አረፋ ካወጣ ውስጠኛው ላልቷል ወይም ቆሻሻ ገብቶበታል፤ ጠበቅ ማድረግ ወይም መቀየር ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም አይፈታም። በደምቢያ ጥቁር ጭቃ ክረምቱን ሙሉ የሚነዳ ሞተር ላይ ይህ በብዛት ይገጥማል፤ ክዳኑ ጠፍቶ ጭቃው ውስጥ ይደርቃል። ክዳን ጌጥ አይደለም።

ቫልቩ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ከታየ ጎማው ቸርኬው ላይ ዞሯል ማለት ነው። ያኔ መንፋት ብቻ አያዋጣም፤ ተፈትቶ መስተካከል አለበት።

ቫልቩ ደህና ከሆነ ጎማውን ቀስ እያላችሁ አዙሩና ገጹን በዓይንም በመዳፍም ፈትሹ። ምስማር ወይም እሾህ ካያችሁ ወዲያው አትንቀሉት። ቦታውን በጠመኔ፣ በከሰል ወይም በጭቃ ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያ ንቀሉ። ቦታው ከታወቀ ጎማውን ከሞተሩ ማውጣት ላያስፈልግ ይችላል። ሰንሰለት በሌለበት ጎን ብቻ የጎማውን ጠርዝ ከቸርኬው አውጥታችሁ፣ ከመነዳሪውን በቀዳዳው በኩል አንድ ክንድ ያህል ስባችሁ፣ እዚያው ለጥፋችሁ መመለስ ይቻላል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) እጅ ካላስገባ ግን አትታገሉ፣ ጎማውን አውጡት።

ጎማውን ማውጣት

መሐል ማቆሚያ ያለው ሞተር ቀላል ነው። የሌለው ከሞተሩ ሆድ ሥር ባለው መከላከያ ብረት በኩል በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ግንድ ይደገፋል። ድንጋዩ ማርሚታው ሥር አይሁን፣ ቧንቧው ይጣመማል። የኋላውን ጎማ ስታወጡ የፊት ፍሬን እጀታውን በዚያች የከመነዳሪ ማሰሪያ ከመሪው ጋር እሰሩት፤ ሞተሩ እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። የግድ ሞተሩን ካጋደማችሁት ቤንዚኑን ዝጉ፤ ባትሪውም አሲድ ያለበት ከሆነ ይፈስሳል።

የፔርኖውን ዳዶ ሞተሩ መሬት ላይ እንዳለ አላሉት፤ ከተነሣ በኋላ ጠበቅ ያለ ዳዶ መታገል ሞተሩን ይጥለዋል። ለኋላው ጎማ የፍሬን ዘንጉን፣ ከዚያ የታምቡሩን ደጋፊ ብረት ፍቱ። በብዙዎቹ የህንድ ሞተሮች በሰንሰለቱ በኩል ሁለት ዳዶ ታያላችሁ፦ ትልቁ የሰንሰለቱን ጥርስ ከሹካው ጋር የያዘ ነው፣ ትንሹ የፔርኖው ነው። የሚፈታው ትንሹ ብቻ ነው። ያኔ ሰንሰለቱና ጥርሱ በቦታቸው ይቀራሉ፤ ጎማው በመሐላቸው ካሉት ላስቲኮች ላይ ተስቦ ብቻውን ይወጣል፤ የሰንሰለቱም ውጥረት አይነካም። ትልቁን የሚፈታ ሰው ያለ ጥቅም ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። ሌሎቹ ላይ ሰንሰለቱ ከጥርሱ ወርዶ ነው ጎማው የሚወጣው፤ ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት የማወጠሪያው ምልክት ስንተኛው ላይ እንዳለ በሁለቱም ጎን እዩ።

ፔርኖው ሲወጣ የሚወድቁት ቡሾችና ሮንዴላዎች በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ይደርደሩ። ሣር ላይ የወደቀች ሮንዴላ አትገኝም። የፊት ጎማ ላይ የኪሎ ሜትሩ ገመድ የሚገባበት ትንሽ ጥርስ አለ፤ ሲመለስ ትክክለኛው ቦታ ካልገባ ዳዶው ሲጠብቅ ይሰበራል። የፊቱ የዲስክ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ጎማው ወጥቶ ሳለ እጀታውን አትጫኑ፤ የፍሬን ሸራዎቹ ይገናኙና ዲስኩ አልገባም ይላል። መሐላቸው ካርቶን አጥፋችሁ አስገቡ።

ጠርዙን ማውጣት ጉልበት አይደለም

የቫልቩን ውስጠኛ ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ የቫልቩን ዳዶ ፍቱ፣ ቀሪውን አየር በጉልበት ተጭናችሁ ጨርሱት። ከዚያ የጎማውን ጠርዝ በተረከዝ እየረገጣችሁ ከቸርኬው አላቁት፣ ዙሪያውን በሁለቱም ጎን። የደረቀ ጎማ እንቢ ካለ የሌላ ሞተር ጎን ማቆሚያ ጠርዙ ላይ አሳርፋችሁ ሞተሩን ቀስ ብሎ ማዘንበል ነው፤ ያኔ ይለቃል።

አሁን የሥራው ምሥጢር። የቸርኬው መሐል ከጎኖቹ ይልቅ ጎድጓዳ ነው። የጎማው ጠርዝ ውስጡ ሽቦ ስላለው አይለጠጥም፤ በአንድ በኩል ከቸርኬው በላይ ሊወጣ የሚችለው በተቃራኒው በኩል ወደዚያ ጎድጓዳ ከወረደ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቫልቩ አጠገብ ጀምሩ፣ በተቃራኒው በኩል በጉልበታችሁ ተጫኑ። ብረቱ ከባድ ሲሆንባችሁ ችግሩ ጉልበት አይደለም፣ ተቃራኒው ጠርዝ ከጎድጓዳው ወጥቷል። አቁሙና መልሳችሁ ግፉት። በየ5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ ትንሽ ውሰዱ፤ ብረቱንም ጠርዙን ለመያዝ ከሚበቃው በላይ ወደ ውስጥ አታስገቡ። የሳሙና ውሃ ካለ ቀቡት። ዘይትና ግሪስ ግን አይነካም፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ጎማውም ቸርኬው ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋል።

አንድ ጎን ብቻ ማውጣት ይበቃል። ከመነዳሪውን ከመሳባችሁ በፊት ቫልቩ ፊት ለፊት ጎማው ላይ ምልክት አድርጉ፤ የትኛው ጎን ወደ ሰንሰለቱ እንደነበረም አትርሱ። ይህች ምልክት ከሌለች የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ነው።

ቀዳዳውን ማንበብ

ከመነዳሪውን ንፉና ከጎማው ውጭ በመጠኑ አሳብጡት። ድምፁ ካልተሰማ ከከንፈር ወይም ከጉንጭ አጠገብ አዙሩት፤ ቆዳው ከጆሮ ይቀድማል። ውሃ ካለ ክፍል በክፍል ነክሩት። አንድ ቀዳዳ ስላገኛችሁ አታቁሙ፤ ዙሪያውን ጨርሱ። ከዚያ ከመነዳሪውን በቫልቩ ምልክት ልክ ጎማው ላይ አጋድሙትና ቀዳዳው ከየትኛው የጎማው ክፍል ፊት እንዳለ ተመልከቱ።

ወደ ውጭ በኩል፣ መሬት ከሚረግጠው ገጽ ትይዩ ያለች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ የእሾህ ወይም የምስማር ናት። ያን ቦታ ከውስጥ ፈልጉ። ባዶ ጣት አታሳርፉ፤ የነጠላ ጫፍ ወይም ጥጥ ይዛችሁ ዙሪያውን አብሱ፣ ክሩ የያዘበት ቦታ እሾሁ አለ። ወደ መተማ በሚወርደው ቆላ የግራርም የቁርቁራም እሾህ ጫፉ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ከውስጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ብቅ ይላል። ጎማው ሲጫን ይወጣል፣ ሲለቀቅ ይገባል። በማግሥቱ የሚተነፍሰው «የተለጠፈው አልያዘም» የሚባለው ጎማ አብዛኛው ይህ ነው። ከውስጥ በፒንሳ ካልተያዘ ከውጭ በቀጭን ምስማር ገፍታችሁ አውጡት። አንድ ካገኛችሁ ሌላም ፈልጉ፤ እሾህ ለብቻው አይመጣም፣ ቅርንጫፉ ላይ ነው የሄዳችሁት። ጋሪ በሚበዛበት መንገድ ደግሞ የፈረስ ኮቴ ምስማር ይጠበቃል።

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ስንጥቆች፣ ልክ እባብ እንደነከሰው፣ የአየር ማነስ ምልክት ናቸው። ጎማው ጉድጓድ ወይም የድንጋይ ጠርዝ ሲመታ ከመነዳሪው በጎማውና በቸርኬው መሐል ተቆንጥጧል። እሾህ ብትፈልጉ አታገኙም። መድኃኒቱ ሁለቱንም በአንድ ትልቅ ልጥፍ መሸፈንና ከዚህ በኋላ አየሩን መጠበቅ ነው። ቸርኬው እዚያ ቦታ ላይ ከታጠፈም እዩ። ስንጥቁ አንድ ብቻ ሆኖ ከጠርዙ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ባለፈው ጊዜ የገባ የመፈልቀቂያ ብረት ነው የነከሰው።

ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ቸርኬው በኩል ያለ ቀዳዳ የራጂ ነው። ቸርኬውን ዙሪያ የሚሸፍነው ላስቲክ ተንሸራትቷል ወይም ተቀዷል፤ የራጂ ጫፍ ወጥቷል። ጫፉን በሞረድ አስተካክሉ፤ ሞረድ ከሌለ በንጹሕ ድንጋይ ፈግፍጉት፤ የተቀደደውን ላስቲክ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ክብ ቀለበት ተኩት። ይህ ካልተደረገ መለጠፍ ዋጋ የለውም።

ከቫልቩ ሥር የሚወጣ አየር አይለጠፍም። ረጅም መቀደድም እንዲሁ።

ጎማው ራሱ ከተቆረጠና ጣት የሚያህል ከሆነ ከመነዳሪው በዚያ በኩል አብጦ ይፈነዳል። ከውስጥ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ደግፉበት፤ የበረባሶ ሶል የሚያህል ውፍረት ከበቂ በላይ ነው፣ ጠርዙ ግን በቢላ ይሳሳ፣ አለዚያ እሱ ራሱ ከመነዳሪውን ይፈትገዋል። በዚህ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳያልፉ ከተማ መግባት ይቻላል፤ ከዚያ ጎማው ይቀየር።

ልጥፉ ለምን ይላቀቃል

ሁለት ምክንያት ብቻ አለ፦ ቆሻሻ እና ችኮላ። ቀዳዳውን መሐል አድርጋችሁ ከልጥፉ በሁሉም በኩል አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፤ የሚያብለጨልጨው ገጽ ጠፍቶ ደብዛዛ ጥቁር እስኪሆን። ከመነዳሪው ላይ ያለችው የፋብሪካ መስመር እዚያ ካለፈች ሙሉ በሙሉ ትላጥ፤ በእሷ ጎን አየር ያመልጣል። ዱቄቱን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በጣት አትንኩት። በቤንዚን ማጠብ የተለመደ ነው፤ የሚተወው ቅባት ግን ማስቲሹን ያደክማል፣ ስለዚህ ባይደረግ ይሻላል።

ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ወፍራም ማስቲሽ የበለጠ አይዝም፤ ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል። ከዚያ ጠብቁ፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ፤ በደባርቅና በዳባት ብርድ 10 ደቂቃ። በጣት ጀርባ ሲነካ እርጥበት የሌለው፣ ገና ትንሽ የሚይዝ መሆን አለበት። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተቀመጠ ልጥፍ ይንሸራተታል እንጂ አይጣበቅም። በእሳት ለማድረቅ መሞከር ደግሞ ከመነዳሪውን ያቃጥላል፤ ማስቲሹም ተቀጣጣይ ነው። የልጥፉን መሸፈኛ ላጡ፣ የሚጣበቀውን ፊት ሳትነኩ ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር ተጫኑ፤ ከዚያ በመፈልቀቂያው ብረት ክብ ጫፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ እሹት። የሚያጣብቀው ይህ ግፊት ነው። ከአሮጌ ከመነዳሪ የምትቆርጡት ልጥፍ ከሆነ ማዕዘኑን ክብ አድርጉት፤ ሹል ማዕዘን ሁልጊዜ ቀድሞ ይነሣል፤ እሱም እንደ ከመነዳሪው ይፈግፈግ፣ ማስቲሽ ይቀባ።

ዝናብ ላይ መለጠፍ አይሠራም። ሐምሌና ነሐሴ ትርፍ ከመነዳሪ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ግድ ከሆነ የሰው ቤት ጣሪያ ሥር ግቡ።

መልሶ መግጠም

ከመነዳሪውን ክብ ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ንፉ፤ ባዶውን የገባ ይታጠፋል፣ ይቆነጠጣልም። ቫልቩን በቀዳዳው አስገቡና ዳዶውን ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ያዙት። ጠርዙን ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምራችሁ በጉልበትና በመዳፍ አስገቡ፣ በቫልቩ በኩል ጨርሱ፤ ምክንያቱም ቫልቩ ሥር ያለው ወፍራም ላስቲክ ጠርዙን ወደ ጎድጓዳው እንዳይወርድ ይከለክላል። ወደ መጨረሻው ስትደርሱ ቫልቩን ወደ ውስጥ ግፉት፣ ከጠርዙ ሥር እንዲወጣ። በብረት የሚገባው የመጨረሻው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። አዲስ ቀዳዳ የሚፈጠረውም እዚህች ስንዝር ላይ ነው።

የቫልቩን ውስጠኛ መልሱና ንፉ። ጎማው ጎን ላይ ከጠርዙ አጠገብ ቀጭን ክብ መስመር አለች፤ ከቸርኬው ያላት ርቀት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ከሰመጠች የሳሙና ውሃ ቀብታችሁ ወደ 40 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ከፍ አድርጉ፣ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን አትለፉ። ስትነፉ ፊታችሁ ጎማው ላይ አይሁን። ጠርዙ ከተቀመጠ በኋላ አየሩን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ እንደገና ንፉ፤ ከመነዳሪው ውስጥ የተፈጠረ እጥፋት የሚፈታው ያኔ ነው። የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ አታጥብቁ። ወደ ክዳኑ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት፤ ጎማው ከዞረ ቫልቩ ዘንበል ብሎ ያስጠነቅቃችኋል፣ ተጣብቆ ከታሰረ ግን ሳያስታውቅ ይቀደዳል።

ጎማው ላይ ቀስት ካለ ወደ ፊት ይዙር። ሞተሩ ላይ ስትመልሱ የታምቡሩ ደጋፊ ብረት በእርግጥ መታሰሩን ሁለት ጊዜ እዩ። እሱ ካልታሰረ የመጀመሪያው ፍሬን ላይ ታምቡሩ ዞሮ ዘንጉን ይጠመዝዛል፣ ጎማውም ይቆለፋል። በዚህ ሥራ ሁሉ ሰው የሚገድል ስህተት ይህ ነው። ሰንሰለቱ ከታች መሐሉ ላይ በቦክሰር ዓይነቶች ከ2.5 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይወዛወዝ፤ በዲቲና ኤክስኤል ትንሽ ይበልጣል። ከመነሣታችሁ በፊት ፍሬኑን ረግጣችሁ ሞክሩ።

መንፊያውና ከፍታው

ለቦክሰር የሚመከረው ከፊት 25፣ ከኋላ ለአንድ ሰው 28፣ ለሁለት ሰው 32 ፒ.ኤስ.አይ ነው። ለሌላው ሞተር ሰንሰለት መሸፈኛው ወይም ሹካው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ጎሚስታው በአውራ ጣቱ ተጭኖ «በቃ» ሲል የራሳችሁን መለኪያ አውጡ።

የ3.00 በ17 ጎማ ውስጡ 7 ሊትር አካባቢ ይይዛል። አንዲት የሳይክል መንፊያ በአንድ ግፊያ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ትገፋለች። ባሕር ጠለል ላይ 28 ለመድረስ 133 ግፊያ ሲበቃ ጎንደር ከፍታ ላይ (2,133 ሜትር) 170 አካባቢ፣ ደባርቅ (2,850 ሜትር) 190 አካባቢ ይጠይቃል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እያንዳንዱ ግፊያ የሚያስገባው ያንሳል። የሚባክነውን ጨምሩና 200 ሲያልፍ መንፊያው ተበላሽቷል አትበሉ። ቧንቧው ሲግል ግን አሳርፉት፣ ውስጡ ያለችው ላስቲክ ትቀልጣለች።

ወደ መተማ ከመውረድ በፊት «ቆላ ላይ ይፈነዳል» ብሎ አየር የሚቀንስ ብዙ ነው። ስሌቱ ይህን አይደግፍም። ከጎንደር ጠዋት በ18 ዲግሪ 28 የተነፋ ጎማ ወደ 700 ሜትር ከፍታ ወርዶ 38 ዲግሪ ሙቀት ሲያገኝ ሙቀቱ የሚጨምርለትን የውጭው አየር ክብደት ይወስድበታል፤ ቆሞ ሲለካ ያው 28 አካባቢ ነው። አየር የተቀነሰለት ጎማ ግን ሲሄድ ጎኑ እየታጠፈ ይበልጥ ይግላል። ቆላ ላይ ጎማ የሚያፈነዳው ሙቀት ይህ ነው፤ ከላይ ያልነው የእባብ ንክሻም የሚመጣው በዚሁ ነው።

ዕቃ ከሌለ

ጎማውን ብቻ ፈትቶ መውሰድ ሞተሩን ከመግፋት ይቀላል። ሞተሩን ከመንገድ ዳር ለሚገኝ ቤት አደራ ሰጥቶ፣ «አባቴ፣ ጎማውን አስለጥፌ እስክመለስ እዩልኝ» ብሎ፣ በሚኒባስ እስከ ቀጣዩ ከተማ መሄድ ነው። በደባርቅ መስመር አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ፤ በባሕር ዳር መስመር ማክሰኚት፣ እንፍራንዝ፣ አዲስ ዘመን፤ በመተማ መስመር አይከል፤ በጎርጎራ መስመር ቆላ ድባ። መንገድ ዳር የቆመ ወይም የተሰቀለ አሮጌ ጎማ የጎሚስታ ምልክት ነው። እዚያም «ወንድሜ፣ ከመግጠምህ በፊት ውስጡን በጨርቅ ዳስስልኝ» በሉ። ቅር አይለውም።

ሰውም መኪናም ከሌለና መሽቶ ከሆነ፣ የኋላው ጎማ ውስጥ ሣር ወይም ጭድ ጠቅጥቆ በሩጫ ፍጥነት ማዝገም ይቻላል። ጠርዙን ከገጠማችሁ በኋላ ጎማውን ከቸርኬው ጋር በራጂዎቹ መሐል በከመነዳሪ ማሰሪያ እሰሩት። ጎማው መሞቱን ተቀበሉ፣ ቸርኬውም ሊከተል ይችላል። የፊቱን ግን በዚህ መንገድ አትንዱ።

ቱብለስ የሆነ ሞተር (ራጂ የሌለው ቸርኬ፣ ጎማው ላይም ቱብለስ የተጻፈበት) ሥራው አጭር ነው። ምስማሩን ከነቦታው ተዉት፣ መሣሪያው እስኪዘጋጅ። ነቅላችሁ ቀዳዳውን በክብ ሞረዱ አስፉ፣ ማስቲሽ የነካውን ገመድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጫፉ ውጭ እስኪቀር አስገቡና መሣሪያውን በአንድ ጊዜ ሳቡ፣ ትርፉን ቁረጡ፣ ንፉ። ይህ መሬት ለሚረግጠው ገጽ ብቻ ነው። ጎኑ የተበሳ ቱብለስ በገመድ አይያዝም፤ መንገድ ላይ መፍትሔው ከመነዳሪ ማስገባት ነው።

ከተለጠፈ በኋላ 5 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቁሙ። የፔርኖውን ዳዶ በቁልፍ ንኩ፣ ጎማውን በመዳፍ ዳስሱ፤ ከሌላው ይልቅ ከጋለ አየር እየጎደለው ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ለኩ። ከ1 ፒ.ኤስ.አይ በላይ ካልወረደ ይዟል። ከ3 በላይ ከወረደ መጀመሪያ ቫልቩ ላይ ምራቅ፣ ከዚያ ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታ ላይ ጥጥ።